ስለ አመዱ እጅ የተከራከርንበት ቅዳሜ

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቃቂ በነበረው ቤታችን ውስጥ የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። እኔ፣ የመጀመሪያ ልጄ ብሩክ፣ ታናሽ እህቱ ሐና፣ ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ፣ ከዚያ ደግሞ እጁ የተጎዳውን ብሩክን ሊጠይቁ የመጡት ሁለት ጓደኞቹ፣ ናቲ እና ሰይድ። ባለቤቴ ፋብሪካ ተረኛ ስለነበር አልነበረም። ብሩክ ቀኝ እጁን ትራስ ላይ አስደግፎ አልጋው ላይ ነበር። ናቲ ከእግሩ በኩል፣ ሰይድ በርጩማ ላይ፣ ሐና ምንጣፉ ላይ፣ እትዬ ሙሉ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። እኔ እንደ ልማዴ ቆሜያለሁ። ቤት ውስጥ እንግዳ ካለ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ ማንቆርቆሪያው ይገነፍላል፣ ሐና ሶኬት ትነካለች እያልኩ ዓይኔ ሲዞር ይውላል።

ያን ቀን ያስታወሰኝ ያለፈው ሳምንት ነገር ነው። አሁን ከምኖርበት ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ተማሪዎች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው የጃፓን ካርቱን ያያሉ። ክርክር ይዘዋል። አንደኛው፣ «ግማሽ አካሉ ጠፍቶ እንኳ በሁለት ሰከንድ ተመለሰ እኮ! ይሄን ማን ያሸንፈዋል?» ይላል። ሌላው፣ «ኃይሉ እስኪያልቅ ነዋ! ባትሪው ሲያልቅ ያበቃለታል» ይለዋል። ስሰማቸው መውረጃዬን አለፍኩት። አፌ አላርፍ አለኝና፣ «ልጆች፣ ሲቆረጥ ያመዋል?» አልኳቸው። ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«እማማ፣ እርስዎም ያያሉ እንዴ?»

«አላይም። ያመዋል ወይ ነው ያልኩት።»

«ኧረ አያመውም» አለ የስልኩ ባለቤት።

«እንዲያ ከሆነማ አይጠነቀቅም» አልኩት።

ያኛው ልጅ ጓደኛውን በክርኑ ጎሸመው። «ሰማህ? ማዘርም ከእኔ ጋር ናቸው!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ከወረድኩ በኋላ ግን መንገዱ ዳር ትንሽ ቆምኩ። የተናገርኩት የራሴ ሐሳብ አልነበረም። የሰይድ ነበር።

የማወራው ጊዜ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ ግን ሩቅ ሆኗል። ዓመተ ምሕረቱን መቁጠር አልወድም። አንድ ዳቦ በአንድ ብር የሚገኝበት፣ ከአቃቂ ሳሪስ በትንሽ ሳንቲም ተሳፍረን ረዳቱ መልስ ሰጠ አልሰጠ እያልን የምንጨቃጨቅበት ጊዜ ነበር። ባጃጅ ለሰፈራችን ገና ብርቅ ነበረች፤ እኔ ትገለበጣለች ብዬ ስለምፈራ ልጆቼን አላሳፍራቸውም ነበር። ቤታችን ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ጎን ነው። ባቡሩ መምጣት ካቆመ ቆይቷል፤ ብረቱን ሣር ውጦታል፣ ሴቶች ብርድ ልብስ ያሰጡበታል፣ ልጆች እጃቸውን ዘርግተው ሚዛን እየጠበቁ ይራመዱበታል። እኔ ግን ሐናን «ሐዲድ ላይ አትሂጂ» ከማለት አርፌ አላውቅም። «እማዬ፣ ባቡር እኮ የለም» ትለኛለች። «ድንገት ቢመጣስ?» እላታለሁ።

ጎረምሶቹ ያን ጊዜ ፀጉራቸውን በጄል ያቆሙ ነበር። ሱሪያቸው ከወገባቸው ወርዶ የውስጥ ሱሪያቸው ይታያል። ለብሩክ ቀበቶ ገዛሁለት፤ ቀበቶውን አሥሮ ሱሪውን መልሶ አወረደው። አስፋልቱ መታጠፊያ ላይ አንዲት ጠባብ ሲዲ ቤት ነበረች። ደጃፏ ላይ ከልጅ የሚበልጥ ስፒከር አቁመው ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ዘፈን ያስጮሃሉ። ዘፈኑን ጠልቼው ነበር፤ አሁን ታክሲ ውስጥ ድንገት ሲመጣ «ትንሽ ጨምረው» ማለት ያምረኛል። ልጆቹ ሲዲ የሚከራዩት ከዚያች ቤት ነው። አንዱን ሲዲ ሦስት ቤት ስለሚያዞሩት ሲመለስ ተጫጭሮ ይደርሳል፤ ልክ ጠቡ ሲጀመር ምስሉ ቀጥ ይላል። ያኔ ብሩክ አውጥቶ በሸሚዙ ይጠርገዋል፣ ሰይድ «በክብ አትጥረገው፣ ከመሐል ወደ ውጭ!» ይለዋል።

የዚያ ክረምት ካርቱን ውስጥ አንድ ክፉ ሰው ነበር። የጃፓን ስሙን ምላሴ አልይዝ አለው። ልጆቹም ፊቱ አመድ ስለሚመስል አመዱ ነበር የሚሉት። አመዱን ሲቆርጡት ይበቅላል። እጁን ቢሉ እጁ፣ እግሩን ቢሉ እግሩ። ነገሩ ሁሉ ይኼው ነው። እኔ ልብስ እያጠፍኩ በዓይኔ ጠርዝ አየው ነበር፤ ሲያበቅል አጥንቱ ቀድሞ ይወጣል፣ ከዚያ ሥጋው፣ ከዚያ ቆዳው። «ይሄ ለልጅ ይሆናል?» እያልኩ ሐናን አስወጣታለሁ። እሷ በመስኮት ታያለች።

ትምህርት ተዘግቶ ነበር። ብሩክ ዘጠነኛን ጨርሷል። መንገድ ላይ ከሚውል ሙያ ይልመድ ብዬ፣ የበርና የመስኮት ብረት የሚሠራ የሰፈር ሰው ጋ የላክሁት ራሴ ነኝ። አባቱ «ልጅ ነው፣ ይቆይ» ብሎ ነበር። ለሐዲዱ የተጨነቅሁትን ያህል ለዚያ ማሽን አልተጨነቅሁም። በሦስተኛው ሳምንት ላሜራ የሚቆርጠው ማሽን የቀኝ እጁን ሌባ ጣትና መሐል ጣት ወሰደበት። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶ ነገረኝ። ጣቶቹን መመለስ አልተቻለም። ልጁ ገና ከማደንዘዣው አልነቃም ነበር። «እባክዎ ዶክተር፣ እርስዎ አይንገሩት፤ እኛ ቀስ ብለን እንነግረዋለን» ብዬ ለመንኩት። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ዝም ብሎ አይጣልም። ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመዱ በመንገድ ላይ አይነገረውም፤ እህል ይቀምሳል፣ እንቅልፍ ይተኛል፣ ንጋት ላይ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ያረዱታል። እኔ የሁለት ጣትን ነገር እንደ መርዶ አደረግሁት። እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ የሕፃን ጭንቅላት ያህላል፤ ጣት ይኑር አይኑር አይታይም። «ተሰፍቷል፣ ይድናል» አልኩት። ጤና ጣቢያ ቁስሉ ሲታጠብ በነጠላዬ ፊቱን እሸፍናለሁ። «አትይ፣ ያዞርሃል» እለዋለሁ፤ እሱም «እሺ» ይላል። አንድ ቀን «እማዬ፣ ጣቶቼን ያሳክከኛል፣ ሁሉንም» አለኝ። «እየዳነ ነው» ብዬ ጓዳ ገባሁና የታጠበውን ድስት እንደገና አጠብኩ።

ለባለቤቴ፣ ለሐና፣ ለእትዬ ሙሉ፣ ለሚመጣ ለሚሄደው ሁሉ ተናግሬ አፍ አስያዝኩ። ደብረ ዘይት ያለው ወንድሜና የንስሐ አባታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥተው እንዲነግሩት ተቀጣጥረናል። ከመጡ በኋላ ቁርስ እንዲበላ፣ ከዚያ አባ ጸሎት እንዲያደርጉ፣ ከዚያ ወንድሜ እንዲናገር፣ እኔ ደግሞ ከጀርባው እንድቆም፣ ሁሉን ነገር አስቤ ነበር። የፈራሁት አንድ ነገር ነው። ልጄ በድንገት ቢያውቅ አንድ ነገር ይሆንብኛል ብዬ ነው። ይደነግጣል፣ ይወድቃል፣ ከሰው ይሸሻል፤ «የላክሽኝ አንቺ ነሽ» ይለኛል። አሁን ሳስበው ከሁሉ የፈራሁት ይህችን የመጨረሻዋን ነበር።

ናቲና ሰይድ የመጡት በዋዜማው ነው። ናቲ የፋብሪካ ባልደረባዬ ልጅ ነው፤ ጯሂ፣ ሳቂታ፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል። ሰይድ ከእኛ ሦስት ግቢ አልፈው የተከራዩ የወሎ ሰዎች ልጅ ነው። አባቱ አይሱዙ ይነዳሉ፣ እናቱ አቃቂ ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር የማይጣደፍ ልጅ ነበር። የተጠየቀውን ይመልሳል፤ ያልተጠየቀውን አይናገርም። እናቱ የላኩትን ሙዝ በፌስታል ይዟል። በሩ ላይ አስቆምኳቸው።

«ስለ እጁ አንዲት ቃል እንዳታነሱ። አላወቀም። ነገ ነው የሚነገረው።»

ናቲ አንገቱን ነቀነቀ። ሰይድ ግን ትንሽ አሰበና፣ «ታዲያ ምን እናውራ ማዘር?» አለኝ።

«ምን ጠፋ፣ ስለዚያ ፊልማችሁ አውሩ» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ገብተው «እግዜር ይማርህ» ብለውት፣ ሙዙ ተልጦ፣ ሻይ ተቀዳ። ናቲ ወዲያው ጀመረ።

«አዲሱን ሲዲ አየነው! አመዱ ክንዱ ከትከሻው ተገንጥሎ ዓይኑን ሳያርገበግብ አበቀለው። አለቀ በቃ! እሱን የሚያሸንፍ የለም።»

«አትሸወድ» አለ ሰይድ። «መጀመሪያ ላይ በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚበቅልለት። አሁን ግን ቆጥሬያለሁ፤ አሥራ አንድ ድረስ ቆጥሬ ነው ጣቱ የወጣው። እየዘገየ ነው።»

«ፊልሙን ለማርዘም ነዋ!»

«ለማርዘም ቢሆን እግሩንም ያዘገዩት ነበር። እግሩ ቶሎ ነው የበቀለው። እጁ ብዙ ጊዜ ስለተቆረጠ ነው የደከመው።»

«ጣት» ሲል ማንቆርቆሪያውን አነሣሁ። «ሻይ ልጨምርላችሁ?» አልኩ።

«ማዘር፣ ብርጭቆው ሙሉ ነው» አለኝ ናቲ።

ሐና ከምንጣፉ ላይ ቀና አለች። «እኔ የማይገባኝ ልብሱ ነው። ክንዱ ሲቆረጥ እጅጌውም ይቆረጣል። ክንዱ ሲበቅል እጅጌው ከየት ይመጣል?»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እትዬ ሙሉ፣ «እንዲህ ያለውን ዩኒፎርም ለእኔ ልጆች በሰጠልኝ» አሉ። ብሩክ ሳቀ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር። እኔም እሰይ አልኩ በልቤ፤ ይሳቅ፣ ነገ እስኪደርስ ይሳቅ።

«ለሁለት ቢሰነጥቁትስ?» አለ ብሩክ። «የቱ ጎን ነው የሚበቅለው?»

«ልብ ያለበት ጎን» አለ ሰይድ።

«ሁለቱም ከበቀሉስ?» ናቲ ከአልጋው ሊወድቅ ደረሰ። «ሁለት አመዱ! አለቀልን!»

«እንደሱ ከሆነማ እርስ በርሳቸው ይጨራረሳሉ። ሁለቱም ክፉ አይደሉ?» አለ ሰይድ። ከዚያ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠና እንደ ትልቅ ሰው እጁን አጣምሮ፣ «የአመዱ ችግር ምን መሰላችሁ? አያመውም። ስለማያመው አይጠነቀቅም። ጎንበስ ሲል አይታችሁት ታውቃላችሁ? ሰይፍ ሲመጣበት እንደ ግንብ ይቆማል። እየተቆረጠ እየበቀለ፣ እየተቆረጠ እየበቀለ... አንድ ቀን ሳይበቅል ይቀራል፤ ያኔ መሸሽ እንኳ አይችልበትም።»

ይህን ሲል ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቆሜ ሰማሁት። ዕድሜዬን ሙሉ «ጭንቀት ታበዢያለሽ» ስባል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መጠንቀቅን የሚያመሰግን ሰው ሳገኝ ብርቅ ነበር። ወደ ሥራዬም ሄደብኝ ሐሳቤ። ፋብሪካ ውስጥ ሥራዬ የተበጠሰ ክር መቀጠል ነበር። ማሽኑ እየዞረ፣ ሁለቱን ጫፍ ይዘን በጣታችን እንቀጥላለን። ጥሩ ሠራተኛ የቀጠለችው በዓይን አይታይም፤ ጨርቁን ግን በእጅ ሲዳብሱት የቀጠሉበት ቦታ ይገኛል። የአመዱ እጅ ግን ምንም ምልክት የለውም፤ እንደ አዲስ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የለም ብዬ አሰብኩ። ያንኑ ጊዜ ብሩክ ተናገረ።

«ሰይዶ፣ ሰው ቢሆንስ?»

«ምን?»

«ሰው። ተራ ሰው። አጥንቱ ከተቆረጠ ይበቅላል?»

ናቲ ፈጥኖ፣ «አሁን ስለ አመዱ አይደል የምናወራው? አመዱ ደግሞ...» አለ።

«አንተን አልጠየቅኩም። ሰይድን ነው።»

ሰይድ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ከንፈሬን ነክሼ ራሴን ነቀነቅኩበት። እሱ መልሶ ብሩክን አየ፤ ብሩክ ዓይኑን አልነቀለበትም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«አይበቅልም። የሰው ቁስሉ ይድናል፤ ጣቱ ግን ተመልሶ አይመጣም።»

ማንቆርቆሪያውን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። «ውጣ!» አልኩት። «ከቤቴ ውጣልኝ! ምን ብዬህ ነበር? ሁለተኛ እግርህ ይህን ግቢ እንዳይረግጥ!» ሌላም ብዙ ተናግሬያለሁ። «የሰው ልጅ ለአንተ ምንህ ነው፣ አንጀት የሌለህ» ብዬዋለሁ። እትዬ ሙሉ ክንዴን ይዘው፣ «ኧረ ተይ፣ የብሩክ እናት፣ ልጅ ነው» ይላሉ። ሰይድ ተነሣ። «ይቅርታ ማዘር» አለኝ። ደጅ ዝናብ ነበር። ጫማውን ደጃፉ ላይ ሳያሥር፣ ተረከዙን ረግጦት ጭቃው ውስጥ ሲሄድ አየሁት። ናቲም ሹልክ ብሎ ተከተለው።

ስዞር ብሩክ እንዳለ ተቀምጧል። አልወደቀም፣ አልጮኸም። «እማዬ፣ የጠየቅሁት እኔ ነኝ እኮ» አለኝ። «ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ስትተኙ በግራ እጄ ፋሻውን ዳሰስኩት። ባዶ ነው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ትደነግጫለሽ ብዬ ነዋ።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። «አንድ ሰው በአፉ እንዲለኝ ፈልጌ ነበር። ሁላችሁም ፈራችሁ። ሰይድ አይዋሽም ብዬ ነው እሱን የጠየቅሁት።»

በማግስቱ ወንድሜና አባ በቀጠሮው ደረሱ። ወንድሜ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ፊቱ እንደ ለቅሶ ቤት ነው። ብሩክ ተነሥቶ መስቀል ከተሳለመ በኋላ፣ «ሰምቻለሁ ጋሼ፤ ቁርስ ብሉ» አላቸው። ወንድሜ መንገድ ሙሉ ያዘጋጀውን ንግግር ይዞ ቀረ። ሰኞ ዕለት ጤና ጣቢያ ስንሄድ ነጠላዬን ሳወርድ፣ ብሩክ እጄን ያዘኝና «ልየው» አለኝ። አየው። ነርሷ ስታጥበው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየው። ቆዳው ዳር ዳሩን መግጠም ጀምሮ ነበር። እኔ ነኝ ዞሮብኝ የተቀመጥኩት።

በማሽኑ ነገር አንድም ቀን አልወቀሰኝም። የዚያን ዓመት በግራው መጻፍ ለመደ፤ በኋላ ወደ ቀኙ ተመለሰ። ዛሬ ገላን ኮንዶሚኒየም ሚስትና ልጅ ይዞ ይኖራል፤ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል። ጤፍ የምታህለውን ብሎን በአውራ ጣቱና በቀለበት ጣቱ ይዞ ሲያስገባ ሳይ፣ አሁንም ትወድቅበታለች ብዬ እጄን ከሥር እዘረጋለሁ። «እማዬ፣ ተቀመጪ» ይለኛል።

ሰይድ ግን ቤታችን ተመልሶ አልመጣም። አልኩት፣ ሰማኝ፣ ቀረ። ከብሩክ ጋር ትምህርት ቤት ይገናኙ ነበር፤ አልተጣሉም። የተጣላሁት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ አልኩ፤ ምን ብዬ እጀምራለሁ እያልኩ ሳምንቱ አለፈ። እናቱን ገበያ ሳያቸው እንደ ሁልጊዜው ሰላም ይሉኛል፤ ልጃቸው ምንም እንዳልነገራቸው ከሰላምታቸው አወቅሁ። ይህ ደግሞ ባሰብኝ። በበጋው ሰይድ ትምህርቱን ትቶ ከአባቱ ጋር መኪና ላይ ወጣ ተባለ። በስተመጨረሻ ደፍሬ ብርቱካን ገዝቼ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ የማላውቃት ሴት ናት። ሰዎቹ ከለቀቁ ወር አልፏቸዋል። ብርቱካኑን ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ እኛም ከዚያ ሰፈር ተነሣን፤ እትዬ ሙሉም የት እንደገቡ አላውቅም። ብሩክ ጋ የነበረው የሰይድ ስልክ ቁጥርም ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ሄደ። ናቲን አንዴ ቃሊቲ አግኝቼው ስጠይቀው፣ «ኮምቦልቻ ገባ ሲሉ ሰማሁ፣ ዓረብ አገር ሄደ የሚሉም አሉ» አለኝ። ባለፈው ሳምንት ከሚኒባሱ ወርጄ ለብሩክ ደወልኩለት። «ሰይድን እናግኘው» አልኩት። «ግዴለም፣ እሱ እኮ ይህን ጊዜ ረስቶታል» አለኝ። ሊሆን ይችላል። እኔ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ሰይድን የምታውቁ ካላችሁ ወሬውን አሰሙኝ። አቃቂ ከአሮጌው ሐዲድ አጠገብ ተከራይተው ይኖሩ የነበሩ የወሎ ሰዎች ልጅ ነው፤ አባቱ አይሱዙ ይነዱ ነበር፣ እናቱ ገበያ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ረጅም ነው፣ ሲናገር አይቸኩልም፤ አሁን ሠላሳውን ያለፈ ይመስለኛል። በሕይወት እንዳለ፣ ደኅና እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር ንገሩኝ። ካገኛችሁትም፣ የብሩክ እናት ትፈልግሃለች በሉልኝ።